ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ክሮማይት አይደለም

በሰሜን ሸዋ፣ በሞጃና ወደራ ወረዳ፣ በሰላ ድንጋይ አካባቢ የሚያርስ ገበሬ ከድንጋይ ጋር ያለው ትውውቅ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ቤቱን የሚሠራው በድንጋይ ነው፤ አጥሩን የሚያጥረው በድንጋይ ነው፤ አፈሩን ጎርፍ እንዳይወስድበት የሚክበውም ድንጋይ ነው። ገብሱን ከመዝራቱ በፊት ከማሳው ለቅሞ የሚያወጣው፣ ማረሻውን የሚያዶለዱምበትም ይኸው ድንጋይ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ የነበረችው ይህች የደጋ ከተማ ድንጋይን በስሟ ጭምር ይዛ ትኖራለች።

እንግዲህ አንድ ገበሬ ሲያርስ ማረሻው ከወትሮው የከበደ ጥቁር ድንጋይ ቢያወጣ ምን ይሆናል? ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ «ማዕድን ነው» ይላል፤ ሌላው «ከተማ ወስጄ ላሳይልህ» ይላል። ከዚያም ዋጋ የሚያውቅ የሚመስል ደላላ ይመጣል። የመጨረሻው ጥያቄ የሚያርፈው ግን ከሕዝቡ መሪ ፊት ነው። ማሳው ይቆፈር ወይስ ይታረስ? ደላላው ይታመን ወይስ ይሸኝ? መልሱ የአንድን ቤተሰብ የዓመት እህል ሊያተርፍም ሊያጠፋም ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ክሮማይት የተባለውን ጥቁር ማዕድን ነው። የሚቀርበውም በተለይ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ነው። የገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት በ1967 ዓ.ም. የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ተከትሎ መሆኑ ይታወሳል። ዛሬ ሥራቸውን የቀበሌ አስተዳደር ይዞታል፤ ይሁንና በብዙ ሥፍራ ሕዝቡ ቀበሌውን እስካሁን «ገበሬ ማኅበር» እያለ ይጠራዋል። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ መሬትን የሚመለከት ጉዳይ መጀመሪያ የሚደርሰው ከዚያ ነው።

ክሮማይት ምን ይጠቅማል?

ክሮማይት ክሮሚየም የተባለው ብረት የሚገኝበት ማዕድን ነው። ክሮሚየም፣ ብረትና ኦክስጅን ተዋህደው የሠሩት ጥቁርና ከባድ ድንጋይ ነው። ክሮሚየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወቀው ቮክላን የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1797 ነው።

የሰላ ድንጋይ ገበሬ ክሮማይትን በዓይኑ አይቶ ባያውቅም በሥራው ውጤት በየቀኑ ይጠቀማል። የማይዝግ ብረት የሚባለው ከ100 ኪሎው ውስጥ ቢያንስ 10 ኪሎ ተኩል የሚሆነው ክሮሚየም ሲሆን ነው። ማንኪያው፣ የማይዝገው ድስት፣ የወተት መያዣው፣ በጤና ጣቢያ ልጁ የሚወጋበት መርፌ ሁሉ ዝገትን የሚቋቋሙት በክሮሚየም ምክንያት ነው። ተራው ብረት ግን አንድ ክረምት ውጭ ካደረ ይዝጋል።

ሌላው ጥቅም ከበግ አርቢው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የመንዝና የአካባቢው በግ ቆዳ ወደ ፋብሪካ ሲገባ ጸጉሩ ከተነሣለት በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። ቆዳው በዚህ ጊዜ ሰማያዊ መልክ ይይዛል፤ አይበሰብስም፤ ውኃና ሙቀትንም ይቋቋማል። ይህ የክሮም ጨው ከውጭ ሀገር በምንዛሪ የሚገዛ ነው። በሌላ በኩል ከቆዳ ፋብሪካ ሳይጣራ የሚለቀቅ ፍሳሽ ወንዝን እንደሚበክል መዘንጋት አይገባም። ማዕድኑ ለብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚሆን፣ ኃይለኛ እሳት የሚችል ጡብ ለመሥራትም ይውላል።

እንዲህ ያለ ጠቃሚ ማዕድን በመንደራችን ቢገኝ የማይመኝ የለም። ነገር ግን ማዕድን እንደ እህል ነው፤ የሚስማማው መሬት አለው። ጤፍን በውርጭ አምባ የሚዘራ እንደሌለ ሁሉ፣ ክሮማይትንም የትውልድ ሥፍራው ባልሆነ ድንጋይ ውስጥ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

የክሮማይት ትውልድ ሥፍራ

ክሮማይት የሚገኘው የጂኦሎጂ ባለሙያዎች አልትራማፊክ በሚሉት የድንጋይ ወገን ውስጥ ነው። ይህ ድንጋይ ማግኒዥየምና ብረት የበዛበት፣ ሲሊካ ያነሰበት፣ ከምድር ቅርፊት ሥር ካለው ጥልቅ ሥፍራ የሚመነጭ ነው። ትኩሱ መልኩ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ውኃ ገብቶት ሲለወጥ ሰርፐንቲን ወደሚባል የሚያዳልጥ፣ ሲዳስሱት ሳሙና ሳሙና የሚል አረንጓዴ ድንጋይ ይሆናል።

ማዕድኑ እንዴት እንደሚከማች ለመረዳት የጠላ ጋን ማሰብ ይበቃል። ጠላ ሲጠል ከባዱ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቀጭኑ ከላይ ይቀራል። ከምድር ሥር ያለ የቀለጠ ድንጋይም ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ክሮማይት ከሌሎቹ ቀድሞ ይረጋል፤ ከባድ በመሆኑም ወደ ታች ወርዶ ንጣፍ ሊሠራ ይችላል። የዓለምን ትልቁን ክሮማይት የምታወጣው ደቡብ አፍሪካ በቡሽቬልድ ያላት ሀብት የዚህ ዓይነት ነው፤ አንድ ሜትር ገደማ የሚወፍር ንጣፍ ለብዙ ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ይገኛል። በሌላ ሥፍራ ደግሞ ማዕድኑ የሚገኘው በንጣፍ ሳይሆን ተበታትኖ በሚገኝ ጓል ወይም ምስር በሚመስል ቅርጽ ነው። በቱርክ ያለው አብዛኛው ክሮማይት የዚህ ወገን ነው።

በኢትዮጵያ አልትራማፊክ ድንጋይ በሰፊው የሚታየው ጥንታዊው መሠረት ድንጋይ ከላይ ባለባቸው በምዕራብና በደቡብ ነው። ይህ መሠረት ድንጋይ ዕድሜው ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሲሆን፣ ከፊሉ የጥንት ውቅያኖስ ወለል ቅሪት እንደሆነ ይታመናል። በወለጋ ዩብዶና ቱሉ ዲምቱ፣ በደቡብ ደግሞ በወርቅ የታወቀው የአዶላ አካባቢ ለዚህ ምሳሌዎች ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ የዩብዶ ታሪክ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በቢርቢር ወንዝ አጠገብ ያለው የዩብዶ አልትራማፊክ ድንጋይ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ፕላቲኒየም የተባለው ውድ ማዕድን ሲታጠብበት ቆይቷል። በዚያ የሚገኝ አንድ የድንጋይ ዓይነትም በወንዙ ስም «ቢርቢራይት» ተብሎ በዓለም የጂኦሎጂ መጻሕፍት ተመዝግቧል። በዩብዶ ድንጋይ ውስጥ ክሮማይትም አለ፤ ይሁንና ያለው እንደ ደቃቅ ፍሬ ተበትኖና በትናንሽ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ዩብዶ ስሙ የተነሣው በፕላቲኒየም እንጂ በክሮማይት አይደለም። ክሮማይት መታየቱ ብቻውን የክሮማይት ማውጫ እንደማያደርግ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሰላ ድንጋይ የቆመችበት ድንጋይ

የሰላ ድንጋይና የአካባቢዋ ምድር ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል እሳተ ገሞራ እየፈነዳ የቀለጠ ድንጋይ ሜዳውን ሁሉ እንደ ጎርፍ ሸፈነው። አንዱ ሽፋን በሌላው ላይ እየተነባበረ በአንዳንድ ሥፍራ ብዙ መቶ ሜትር ውፍረት ያለው ክምር ተፈጠረ። የገደሉ ፊት እንደ ደረጃ ተደራርቦ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ክምር ውስጥ አንደኛው ክፍል በጂኦሎጂ ካርታ ላይ የሚጠራው በጎረቤት ሥፍራ ስም «የጣርማ በር» ተብሎ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የተጓዘ ሁሉ የሚያልፍበት ያ በር ማለት ነው።

የዚህ ክምር ዋነኛ ድንጋይ ባዛልት ነው። ባዛልትም ጥቁር ነው፤ ባዛልትም ከባድ ነው። ሆኖም የሲሊካው መጠን ከአልትራማፊክ ድንጋይ የበለጠ በመሆኑና የቀዘቀዘውም ከምድር ላይ በፍጥነት ስለሆነ፣ ክሮማይት ተለይቶ የሚዘቅጥበት ጊዜና ሁኔታ አልነበረም። በውስጡ የሚገኘው በአጉሊ መነጽር የሚታይ ቅንጣት ነው። ጥንታዊው መሠረት ድንጋይም ቢሆን በዚህ አካባቢ ከወፍራሙ ክምር ሥር ተቀብሯል። ስለዚህ በሰላ ድንጋይ ማሳ የሚገኝ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ወይም በውስጡ የብረት ማዕድን የበዛበት ድንጋይ የመሆኑ ነገር እጅግ የሰፋ ነው፤ ክሮማይት የመሆኑ ነገር ግን እጅግ የጠበበ ነው።

በአማራ ክልል ለክሮማይት የሚቀርበው ነገር በአዊ፣ በእንጅባራ አካባቢ ይገኛል። በዚያ የወጣው እሳተ ገሞራ ከምድር ጥልቅ ሥር ሲነሣ አረንጓዴ የአልትራማፊክ ድንጋይ ጓሎችን ቀድዶ ይዞ ወጥቷል። ጓሉ ሲሰበር በአረንጓዴው ፍሬ መካከል ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየው የክሮማይት ዘመድ የሆነ፣ ክሮሚየም ያለበት ማዕድን ነው። ይህ ከምድር ሥር ስላለው ነገር ለሚያጠኑ ሊቃውንት ትልቅ ምስክር ነው። ለንግድ ግን የሚሆን አይደለም።

ምልክትና ክምችት

«ማዕድን ተገኘ» ሲባል የሚፈጠረው ስሕተት ምልክትንና ክምችትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ገበሬው ልዩነቱን ከአውድማው ያውቀዋል። በላይዳ ካዘራ በኋላ ከገለባው ውስጥ የቀረ ጥቂት የገብስ ፍሬ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ለዚያ ፍሬ ብሎ ገለባውን ሁሉ እንደገና የሚወቃ የለም። ፍሬው የለም ማለት አይደለም፤ ለድካሙ አይበቃም ማለት ነው።

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ኩንታል ድንጋይ በመቶ 2 እጅ ክሮማይት ቢኖረው፣ ያ ኩንታል ተሰብሮ፣ ተፈጭቶና ታጥቦ የሚወጣው ክሮማይት 2 ኪሎ ነው። ንጹሕ ክሮማይት እንኳ ክሮሚየሙ ከክብደቱ ግማሽ አይሞላም። ስለዚህ ከኩንታሉ የሚገኘው ክሮሚየም ከ1 ኪሎ በታች ይሆናል፤ የቀረው 98 ኪሎ መጣያ የሚያስፈልገው ድንጋይ ነው። ጥሩ ክሮማይት የሚወጣባቸው ሀገሮች የሚሸጡት ድንጋይ ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶ 40 እጅና ከዚያ በላይ ክሮሚየም ኦክሳይድ ያለበት ነው። በዚህ ላይ የመንገድ፣ የነዳጅ፣ የውኃና የመፍጫ ወጪ ይጨመራል። ክምችት አለ የሚባለው ካርታ ተነሥቶ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ናሙና ከላቦራቶሪ ደርሶ፣ መጠኑና ጥራቱ ተለክቶ፣ ወጪና ገቢው ሲመዛዘን ነው።

ሌላም ሊጤን የሚገባ ነገር አለ። ክሮማይት የሚወልደው ድንጋይ ለእህል እንጀራ እናት ነው። ከአልትራማፊክ ድንጋይ የሚገኘው አፈር ማግኒዥየም በዝቶበት ካልሲየም ያንሰዋል፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ይጎድለዋል፤ ኒኬልና ክሮሚየም በብዛት ስለሚገኝበትም ሰብል አይስማማውም። ከባዛልት የሚገኘው አፈር ግን በተፈጥሮው ለእርሻ የተሻለ ነው። እንግዲህ የሰላ ድንጋይ ምድር ክሮማይት ነፍጎት ገብስና ባቄላ ሰጥቶታል ማለት ይቻላል።

ድንጋዩ ከእጅ ሲገባ

አንድ አርሶ አደር ከባድ ጥቁር ድንጋይ ይዞ ሲመጣ የማኅበሩ መሪ በመንደር ባሉ ዕቃዎች አራት ቀላል ምርመራዎችን ሊያደርግ ይችላል።

አንደኛ፣ ክብደት ነው። ድንጋዩ በክር ታስሮ በእጅ ሚዛን ይመዘናል፤ ከዚያም እንደተንጠለጠለ ከውኃ ውስጥ ገብቶ የባልዲውን ወለል ሳይነካ እንደገና ይመዘናል። የመጀመሪያው ክብደት በቀነሰው መጠን ይካፈላል። ለምሳሌ በአየር 900 ግራም፣ በውኃ 600 ግራም ቢመዝን የቀነሰው 300 ግራም ነው፤ 900 ለ300 ሲካፈል 3 ይሆናል። ይህ የባዛልት ሚዛን ነው። በውኃ ውስጥ 700 ግራም ቢመዝን ግን የቀነሰው 200 ግራም ስለሆነ ውጤቱ 4 ተኩል ይሆናል። የክሮማይት ክብደት በዚህ አካባቢ ነው።

ሁለተኛ፣ ጭረት ነው። የቡና ሲኒ ተገልብጦ መስተዋት ያልተቀባው የቂጡ ክብ በድንጋዩ ይጫራል። ክሮማይት ቡናማ መስመር ይተዋል። ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን ጥቁር መስመር፣ ሄማታይት የተባለው ደግሞ ቀይ መስመር ይተዋል።

ሦስተኛ፣ ማግኔት ነው። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይበቃል። ማግኔታይት ከሆነ ጥብቅ ብሎ ይይዘዋል። ክሮማይት ከሆነ ግን ወይ ፈጽሞ አይሳብም፣ ወይም በጥቂቱ ብቻ ይሳባል።

አራተኛውና ዋነኛው፣ አብሮ የተገኘው ድንጋይ ነው። በአጠገቡ አረንጓዴና የሚያዳልጥ ድንጋይ አለ ወይስ የተለመደው ባዛልት ብቻ ነው? እንግዳን ሰው በዘመዱ እንደሚጠይቁት ሁሉ ድንጋይም የሚታወቀው በጎረቤቱ ነው። በዚህ ጊዜ ድንጋይ የሚሰብርና የሚፈጭ ሰው አቧራውን እንዳይተነፍስ መጠንቀቅ አለበት፤ በሰርፐንቲን ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና።

እነዚህ ምርመራዎች ድንጋዩ ክሮማይት አለመሆኑን ለማወቅ ይረዳሉ፤ ክሮማይት መሆኑን ግን አያረጋግጡም። አራቱም የተስማሙለት ድንጋይ ቢገኝ የተገኘበት ሥፍራ፣ ቀኑና ያገኘው ሰው ስም ተጽፎ፣ ናሙናው በወረዳው በኩል የማዕድን ሥራ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መቅረብ ይኖርበታል።

የመሪዎች ኃላፊነት

በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ ተደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678ም የቅኝት፣ የምርመራና የማውጣት ሥራ በፈቃድ የሚካሄድ መሆኑን ዘርዝሯል። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «ድንጋዩን ልግዛ፣ ማሳውን ልቆፍር» ቢል የመሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «ፈቃድህ የታለ?» የሚል መሆን ይገባዋል። ያልተረዱት ወረቀት ላይ አለመፈረም፣ ለ«ምርመራ» እየተባለ ከገበሬው ገንዘብ አለማዋጣት፣ ማንኛውንም ውል በጉባኤ ፊት ማንበብ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሳይደፈን እንዳይተው መከታተል የመሪዎች ድርሻ ነው። ያልተደፈነ ጉድጓድ ከብት ይሰብራል፤ ክረምት ሲመጣም የጎርፍ በር ይሆናል።

ይህ ሲባል ደጋው ምንም ማዕድን የለውም ማለት አይደለም። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ያለችው መዘዞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት በኦፓል ድንጋይዋ በዓለም የጌጥ ገበያ ታውቃለች። ኦፓል የሚወለደው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲሊካ በያዘ ውኃ በመሆኑ የአካባቢው ምድር ይስማማዋል። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ፣ ደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ የበለጠ ኦፓል ተገኘ። ሀብቱ ለብዙ ወጣት ሥራ ፈጥሯል፤ በገደል ሥር እንደ ዋሻ እየተቆፈረ ስለሚወጣ ግን አደጋም አላጣውም። በ2016 ዓ.ም. ቆፋሪዎች በናዳ ዋሻ ውስጥ መያዛቸው በዜና ተሰምቷል። ትርፍ ያለበት ማዕድን እንኳ ያለ ጥንቃቄ ሲወጣ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ከሆነ፣ መኖሩ ላልተረጋገጠ ማዕድን ማሳን መናድ ምን ያህል ኪሣራ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የሰላ ድንጋይ ገበሬ የሚተማመንበት ድንጋይ ግን ከእጁ አለ። ተዳፋቱን ተከትሎ ውኃ ልኩ ተጠብቆ የተካበ የባዛልት እርከን ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩን ይይዝለታል፤ ከዓመት ዓመትም ማሳውን ያስተካክልለታል። ይህ ድንጋይ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ ደላላም አይመጣለትም። የሚፈልገው ከበልግና ከክረምት በፊት የፈረሰውን የሚጠግን ክንድና ሥራውን የሚያስተባብር መሪ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ከባድ ጥቁር ድንጋይ ወደ ማኅበሩ ሲመጣ፣ መሪው ሚዛኑንና ሲኒውን አውጥቶ በሕዝብ ፊት ይመርምረው። ክሮማይት ካልሆነም የሚጣል ነገር የለም፤ የሚቀጥለው የእርከን ካብ ቦታውን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።